ከማን ሰማሽው?

ሻርጃ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ለማከብርዎ አጎቴ ለአያ ጀይሉ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የእግርዎን ነገር፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሰባት ዓመት የሙሽራ ቀሚስ የሰፋሁበት ሱቅም፣ የስፌት መኪናዬም፣ ዓይኔም ደኅና ናቸው።

አጎቴ፣ ጨረስኩት! እየጻፍኩ ነው ስልዎ «ለማን ነው እንዲህ የረዘመ ደብዳቤ?» እያሉ ይቀልዱብኝ የነበረው ልብ ወለድ አለቀ። ስምንት ደብተር፣ ሃያ ሁለት ምዕራፍ። እናቴ ከሞተች በኋላ በእርስዎና በባለቤትዎ በእትዬ ረቢአ እጅ ያደግሁባት ከሚሴ አለችበት፣ የሰንበቴ ገበያ አለበት፣ የጨፋ ማሽላ አለበት። ዋናዋ ልጅ ዘሊካ ትባላለች። እኔ አይደለሁም፤ ከወዲሁ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ሁለት ምዕራፍ አይቶ ወዶታል። ነገር ግን ሙሉው ታርሞ፣ በታይፕ ተመትቶ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ እጁ ካልገባ ሌላ መጽሐፍ ያስቀድማል።

እንግዲህ ይህ ረቂቅ ነው። ቀሚስ መጀመሪያ ሲሰፋ ማንንም ልክ አይሆንም። ባለቤቷ ለብሳው ቆማ «እዚህ ጠበበኝ፣ እዚያ ሰፋኝ» ስትል ይተረተራል፣ እንደገና ይሰፋል። የእኔንም ለብሶ የሚቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከእርስዎ ሌላ ፊት ለፊት «አያምርም» የሚለኝ ዘመድ የለኝም። ደብተሮቹን እዚህ አብራኝ የምትሠራው፣ ለዕረፍት የምትመጣው ሀዲጃ ታደርስልዎታለች። አንብበው ያርሙልኝ፤ ደኅና ታይፕ የሚመታ ሰው ፈልገውም ያስመቱልኝ። ፈሪ እንዳይሆኑ፤ እኔ አልፈራሁም።

ልጅዎ ሱዓድ


ከሚሴ፣ ኅዳር 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሱዓድ።

ኢንተላ ኮ፣ ነገያ? ልጄ፣ ሰላም ነሽ? በእኛ በኩል ሁሉም ሰላም ነው። እግሬ ብርድ ሲሆን ያነክሳል እንጂ አፌ አልታመመም፤ ስለዚህ ለፈለግሽኝ ሥራ ብቁ ነኝ።

ሁለት ደብተር ጨርሻለሁ። ቀስ እያልኩ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ፊደል እንጂ ሩጫ አይደለም። መልካም ጽፈሻል። ብቻዬን የሳቅሁበት ቦታ አለ። አሁን ወደ ጥፋቱ።

እኔ ሰንበቴ ላይ አርባ ዓመት ከብት ያሻሻጥኩ ደላላ ነኝ። አንቺ ግን ገዢው የበሬውን ቀንድ ዳብሶ «እንዴት ያለ ግሩም በሬ ነው!» ይላል ብለሽ ጻፍሽ። ልጄ፣ በሻጭ ፊት በሬ የሚያመሰግን ገዢ አይቼ አላውቅም። ገዢ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሊሄድ ዞር ይላል። እንደ ወደደው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይሽ ደግሞ ጨፋ ላይ ለመውጣት አንድ ገጽ ተኩል ፈጀባት። የእኛ ፀሐይ እኮ እንዲህ አትለግምም። ሰዎችሽም አልቃሾች ናቸው፤ በምዕራፍ ሦስት ብቻ ስድስት ጊዜ ተለቅሷል። አምስቱን አውጪና አንዱን ተዪ፤ ያን ጊዜ እኔ አለቅስልሻለሁ።

ትልቁ ነገር ይኸውልሽ። ከቆላ ወደ ገበያችን የሚወጡ አፋሮች ሲገናኙ፣ የከብት ነገር ሳይነሳ፣ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። የየሀገሩ ወሬ ማለት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሲጨርስ ግን ይጠየቃል፤ በዓይንህ አየኸው? ሰማኸው? ከማን ሰማኸው? በዚያ ወሬ ሰው ከብቱን ነድቶ ውሃና ሣር ፍለጋ ይሄዳል፤ ውሸት ከገባበት መንጋው ያልቃል። ከራሱ የጨመረ ሰው ዳግመኛ ጆሮ አያገኝም። እኔ ልብ ወለድ አላውቅም፤ ዳጉ ግን አርባ ዓመት ሰምቻለሁ። መጽሐፍሽንም የማነበው በእሱ ነው። አንቺም እያንዳንዱን ነገር ስትጽፊ ራስሽን ጠይቂ።

ታይፕ የሚመታ ሰው አግኝቻለሁ። በከሚሴ ከእሱ የሚሻል የለም። ሁለቱን ደብተር ሰጥቼዋለሁ። አላህ እጅሽን ይባርክ።

አጎትሽ ጀይሉ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ከእርስዎ አይለይ። ረመዳኑን በጤና ይዘዋል ብዬ አምናለሁ። እኔም በርትቼ ይዣለሁ።

በሬውን አርሜያለሁ። ገዢው አሁን ፊቱን አጨማዶ ሊሄድ ዞር ይላል፤ እኔ ራሴ ብሆን በሬውን እሸጥለት ነበር። ፀሐይም በሁለት መስመር ወጥታለች። ለቅሶው ላይ ግን እንደራደር፤ ሁለቱን ይተዉልኝ።

በዳጉው መጀመሪያ ስቄ ነበር። ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ብፈጥር ማን ይከሰኛል ብዬ። በኋላ ግን አልለቅ አለኝ። ስለዚህ እኔ ዘንድ የቀረውን ቅጂ አውጥቼ ሦስት ክር አዘጋጀሁ። በዓይኔ ላየሁት ነጭ፣ ለሰማሁት ሰማያዊ፣ ከልቤ ለወለድኩት ቀይ። በየገጹ ጠርዝ ላይ በመርፌ አንዳንድ ምልክት ሰፋሁ። በሰማያዊው አጠገብ የነገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ።

ምን እንዳገኘሁ ልንገርዎ? ያ ሁሉ ሰው የሚጨፍርበት የምዕራፍ ስድስት ሰርግ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። የሰው ሰርግ ተበድሬ ያስጌጥኩት እንጂ አንድም ያየሁት ፊት አልነበረበትም። ሠላሳ አንድ ገጽ ቆርጬ ጣልኩ። መጽሐፉ ቀለለው። እንዲህ እየሆነ ከሄደ ሰኔ አይደርስም ብለው አያስቡ። የቀሩትን ደብተሮች ይምቱብኝ፣ ይደብድቡብኝ፤ እጠብቃለሁ።

ሱዓድ


ከሚሴ፣ የካቲት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱዓድ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሰላም ነን።

ደብተር ሦስትና አራትን አንብቤ የጻፍኩልሽን አስተያየት ከተመቱት ገጾች ጋር ልኬዋለሁ። ግመሏን ሁለት ቦታ ላይ በሬ አድርገሻታል። አብዱን፣ የልጅቱን አጎት፣ ወድጄዋለሁ፤ ሲናገር እንደ ሰው ይናገራል። ሰርጉን መቁረጥሽን ስሰማ በልቤ «የጀይሉ ልጅ!» አልኩ።

ደብተር አምስትን ግን ሳላነበው ለታይፑ ሰውዬ ሰጠሁት። መነጽሬ ተሰብሮ ለጥገና ደሴ ተልኮ ነበርና ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው። እሱም መትቶ ትናንት መለሰልኝ። ወንበሩንም ሳበልኝ። አሁን መነጽሬም መጥቷል፤ ነገ እጀምረዋለሁ።

ጀይሉ


ሻርጃ፣ መጋቢት 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ። እግርዎ እንዴት ሆነ? የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ፤ ለሰው እንዳይሰጡት።

የተመቱት ገጾች ደረሱኝ። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! አንድ መስመር አልዘለለም፣ አንድ ቃል ከራሱ አልጨመረም። ማን ይባላል? ስሙን ይላኩልኝ፤ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ከማመሰግናቸው ሰዎች ጋር አስገባዋለሁ።

አሁን ወደ ደብተር አምስት። ክሬን ይዤ ምዕራፍ አሥራ አራት ደርሻለሁ። አንብበውታልና ያውቁታል፤ ዘሊካ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ደሴ ለመምህርነት ሥልጠና የተጠራችበት ደብዳቤ የሚጠፋበት ነው። የእኔው ታሪክ ነው፤ መቼም ከእርስዎ አልደብቅም። በሳይክል የሚሄደው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የበቆሎ እሸት ጠቅልሎበት ይጥለዋል። እውነተኛው ጸሐፊ ፈቃደ ስለሆነ በመጽሐፉ ደረጀ አልኩት። አጎቷ አብዱ ደግሞ ደሴ ድረስ ሄዶ ሦስት ቀን ቢሮ በር ላይ ቆሞ ይለምንላታል። ከሁሉ የምወደው ምዕራፍ ነው። ማንም አያለቅስበትም።

ግን አጎቴ፣ ነጭ ክር የምሰፋበት ቦታ አጣሁ። በቆሎውን በዓይኔ አላየሁም። ደሴም አብሬዎ አልሄድኩም። ምዕራፉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ በየምልክቱ አጠገብም «ከአጎቴ ከጀይሉ» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎትና ይመስክሩልኝ። በቆሎውን እርስዎ አይተዋል? ወይስ ከማን ሰሙ? ቢሮው በር ላይ ሲቆሙ ምን ይታይዎት ነበር? ትንሽ ዝርዝር ብቻ ይበቃኛል፤ ምዕራፉን ነጭ ላድርገው።

ሱዓድ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለም። አመዎት እንዳልል፣ ሀዲጃ ተመልሳ መጥታ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ቆመው ሲከራከሩ አየኋቸው አለችኝ። ሰላምታ እንደላኩልኝና ስለ መጽሐፉ ስትጠይቅዎ ወሬ እንደቀየሩም ነግራኛለች። ሌሎቹን ምዕራፎች እኔው አርሜ ጨርሼ ልኬልዎታለሁ። የቀረኝ አሥራ አራት ነው። ሰኔ እየመጣ ነው።

ምዕራፉ አስከፍቶዎት ከሆነ ይንገሩኝ። አብዱን ከእርስዎ አሳንሼው ከሆነም አስተካክለዋለሁ።

ሱዓድ


ከሚሴ፣ ግንቦት 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ እሱ ሁሉን በሚያየው።

ይድረስ ለልጄ ለሱዓድ። ጤነኛ ነኝ። ብዕር ሳነሳና ስጥል ሁለት ወር አለፈ፤ ለዝምታዬ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

አብዱን አላሳነስሽውም። ከልክ በላይ አሳመርሽው። ዳጉ ልስጥሽ፤ ሁሉንም በዓይኔ ያየሁት ነው።

ደብዳቤው መጥቷል። መስከረም 14 ቀን 1981 ፈቃደ በሳይክሉ ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ መዝገብ አስፈርሞኝ፣ «እንኳን ደስ አለዎት አያ ጀይሉ፣ መምህርት አሳደጉ» ብሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ቤት እስክደርስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤት ስገባ ረቢአን አልጋው ላይ አየኋት። ያን ሰሞን ከተኛችበት መነሳት አቅቷት ነበር፤ የምታጥቢያትም፣ የምታጎርሻትም፣ ቤቱን የምትይዢውም አንቺ ነበርሽ። አንቺ ስትሄጂ ቤቴ ምን እንደሚሆን ታየኝና ፈራሁ። ደብዳቤውን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር። አንቺ ግን በየቀኑ «መጣ?» ትይኛለሽ። አንድ ቀን ፈቃደ እሸት በወረቀት ጠቅልሎ ሲበላ አይቼው ነበርና፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ሆነ። ሰንበቴ ገበያ ላይም ለሰው ሁሉ ያንኑ አወራሁ። ደሴም አልሄድኩም። ያን ሦስት ቀን ኮምቦልቻ ወይፈን እየሸጥኩ ነበር። ረቢአ ሳታውቅ ሞተች።

የእኔ ወሬ ፈቃደን ከሥራው አስለቀቀው። ደብዳቤ የሚጥል ጸሐፊ ተብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት፤ አልቻለውም፣ ወጣ። አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሰው ማመልከቻ በታይፕ ይመታል። መጽሐፍሽን የመታልሽ እሱ ነው። ስሙን ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ምዕራፍ አሥራ አራትንም ሳላነበው ወስጄ እጁ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ሳይጎድል መታው።

ባለፈው ሳምንት ሄድኩና ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ፊርማዎ መዝገቡ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም አያ ጀይሉ። ተናግሬያለሁ። ማን ሰማኝ? መዝገቡንስ ማን ገለጠ?»

«ይህን ምዕራፍስ ለምን መታኸው?»

«እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ክስ ስመታ ነው የምውለው» አለኝ። «የራሴ ሲመጣ ልዝለል?»

ይኸው ነው። ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ምዕራፉን ተርትሪው። ይቅር አልኩዎት በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሰማያዊውን ክር ግን አውጪው።

ጀይሉ


ሻርጃ፣ ግንቦት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም።

አራት ቀን መርፌ አልያዝኩም። አሠሪዬ አመመሽ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ተናድጄብዎታለሁ አጎቴ፣ በጣም። ይህንን በደብዳቤ መጀመሪያ እንደሚባለው በሰላምታ አልሸፍነውም።

ደብዳቤውን አነበብኩት። ጥቅምት 5 ቀን ተገኝታ ትመዝገብ ይላል። ሁለት አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አራት ፎቶግራፍ ይዛ ትምጣ ይላል። ብርድ ልብሱ እኮ ነበረኝ! እትዬ ረቢአ ለዚያ ብላ የሰጠችኝ ቀዩ ነበር። በኋላ እሷኑ አለበስኳት።

አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ። ቢጠይቁኝ እቀር ነበር። «ሱዓድ፣ ረቢአን ጥለሽብኝ አትሂጂ» ቢሉኝ ሻንጣዬን ራሴ እፈታው ነበር። ሁለቱን ዓመት ዕድሌን እያማረርኩ አስታመምኳት፤ መርጬ ብቀር ኖሮ ሌላ ሰው ሆኜ አስታምማት ነበር። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ለፈቃደ ያለብኝን ዕዳ ደግሞ በምን እንደምከፍለው አላውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመት ስሙ ሲነሳ ፊቴን አዙሬያለሁ።

በአምስተኛው ቀን ተቀመጥኩና ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። በሁለት ቀን አለቀ። አብዱ አሁን ደብዳቤውን ይቀበላል፣ ይፈርማል፣ ያጥፈዋል። ክፉ ሰው አላደረግሁትም፣ ደግም አላደረግሁትም፤ እርስዎ እንደነገሩኝ አቆምኩት። ጸሐፊው ሳይክሉን ይዞ ቆሞ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። አጎቴ፣ እውነቴን ነው፤ ከሃያ ሁለቱ ምዕራፍ ይህን የሚያህል የለም። ልቤ እየተቃጠለም ይህን አውቃለሁ።

ገጾቹን ልኬያለሁ። ፈቃደ ይምታው፣ እሺ ካለ። ከመመታቱ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ያንን ወሬ ሰንበቴ ላይ እንዳወሩት፣ ይህንንም እዚያው፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ በራስዎ አንደበት ያንብቡት። ፈቃደም ይኑር።

ሱዓድ


ከሚሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለልጄ ለሱዓድ።

አነበብኩት። ትናንት እሑድ፣ የሰንበቴ ገበያ ሲሞቅ፣ ደላሎች የምንቀመጥበት ዛፍ ሥር። ፈቃደን በአውቶብስ ይዤው ሄድኩ። ሙሀመድኑርም ነበር፣ ኑርሁሴንም ነበር፤ ያኔ ወሬዬን የሰሙት የቀሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ነበሩ። ቆሜ አነበብኩ። እግሬ ሲደክም ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

መጀመሪያ ተረት መስሏቸው ይስቁ ነበር። ፊርማው ጋ ስደርስ ሳቁን ትተው ወደ ፈቃደ ዞሩ። ስጨርስ በቅጡ የማላውቀው አንድ አዛውንት አፋር፣ ፍየል ሊሸጥ የመጣ፣ ከኋላ ሆኖ ጠየቀኝ።

«ይህን በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው?»

«አይቻለሁ» አልኩት። «ያደረገው ይህ እጄ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ለጎረቤቱ በራሱ ቋንቋ ያወራው ጀመር። ወሬው እስከ ነገ ወዲያ አዋሽ ይደርሳል። ሙሀመድኑር ተነስቶ የፈቃደን እጅ ጨበጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔን የጨበጠኝ የለም፤ ተገቢ ነው።

ዛሬ ፈቃደ ምዕራፉን ሊመታ ወረቀቱን ታይፑ ውስጥ አስገባና ቆመ።

«አያ ጀይሉ፣ አንድ እርማት አለኝ» አለ። «በጥፋተኛነቴ ጊዜ ስሜን ቀይራ ደረጀ አለችኝ፤ ደግ አደረገች። አሁን ግን ምንም ያላጠፋሁ ሰው ነኝ። ለምን እደበቃለሁ? በስሜ ትጻፈኝ። ፈቃደ ትበለኝ።»

ልክ ነው አልኩት። ከዚያ እኔም አሰብኩ። ልጄ፣ አብዱ የሚባል ሰው ያንን ደብዳቤ አልደበቀም። የእኔንም ስም አግቢው። ጀይሉ በዪው።

አሳታሚው ጋ እስከ ሰኔ መጨረሻ መድረስ አለበት፤ ደብዳቤ አይደርስም። በቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ላኪ። ፈቃደ የቀረውን መትቶ ጨርሷል። ያንን ምዕራፍ ብቻ አልጀመረም፤ ይጠብቅሻል።

ጀይሉ


ቴሌግራም፣ ሻርጃ፣ ሰኔ 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለጀይሉ እና ለፈቃደ፣ ከሚሴ። በስማችሁ ይመታ። ዘሊካንም ሱዓድ በሏት።